የሼኹ ምርኩዝ በቁናዬ አፍ ላይ

ማክሰኞ፣ የክረምቱ መግቢያ

ወንዙ ሞላ፤ ሲራራው በእኛ በኩል ቀረ።

የማዶው ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ወዲያኛው ዳር ላይ ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ ዋለ። ጨውና ጨርቅ በበቅሎ ጭነው የሚመጡት የሲራራ ነጋዴዎች ለዓመታት የሚያርፉት እሱ ቤት ነበር። ጎርፍ ግን ዘመድ የለውም። ዘንድሮ በቅሎዎቻቸው የታሰሩት በእኔ አጥር ላይ ነው። እኔም ከዚህ ዳር ሆኜ እጄን አወዛወዝኩለት፤ ሰላምታ መስሎት ይሁን ስድብ አላውቅም።

የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፤ የሚሰግዱበት ንጹሕ ወለል፣ የሚታጠቡበት ውሃ፣ የሚበሉትን ከብት ራሳቸው ማረድ። ሦስቱም ከእኔ ምንም አያስወጡም። ታችኛውን መጋዘን ሰጠኋቸው። ጣሪያው በአንድ ጥግ እንደሚያፈስ አልነገርኳቸውም፤ ዝናቡ ራሱ ይነግራቸዋል።

አብሯቸው አንድ ሼኽ አለ። ወንዙ ዳር በቅሎው ጥላው እግሩ ተሰብሯል። ወጌሻው ሲያስርለት አልጮኸም አሉ። እግሩን ይዞ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ነው።

እሑድ

ወንዙ ጎደለ። ሲራራው ሊነሣ ነው። ሼኹ ግን እንኳን በቅሎ ላይ፣ መደብ ላይም በቅጡ አልተደላደለም። የሲራራው አለቃ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «ጌታው፣ መኸር ላይ እስክንመለስ አባታችንን አንተ ዘንድ ብንተወውስ?» አለኝ።

ትንሽ አመነታሁ። ወዲያው እሺ የሚል ሰው ውለታው አይታይም። በልቤ ግን ከእሱ ቀድሜ ጨርሼ ነበር። አባታቸው እኔ መጋዘን ውስጥ ከተኛ፣ በመኸር ወንዙ ሞላም ጎደለም ሲራራው የሚያርፈው እኔ ቤት ነው። እንዲህ ያለ መያዣ በወርቅም አይገኝ።

«የእግዜር እንግዳ አይመለስም» አልኩት። ከኋላዬ ባለቤቴን ሳል ያዛት።

ዓርብ፣ የገበያ ቀን

ዝናብ። ጨው ረጠበ።

ወንድሜ ለሼኹ ምሳ ይዞ ሄዶ ሳይመለስ ቆየ። ቁናውን እኔ ይዤ ስሰፍር፣ ወንዝ ዳር መሬቷን ራሷ የምታርሰው ባልቴት መጣች። ምላሷ ከማረሻዋ ይሰላል።

«ታናሽህ የለም እንዴ?»

«እኔ አለሁ።»

«እሱን እጠብቃለሁ።»

«የእኔ እጅ ምን ጎደለው?»

«ኧረ ጌታው፣ ያንተ እጅስ ጎድሎ አያውቅም» አለች።

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በገበያ መሐል የሚቆጣ ነጋዴ የራሱን ደንበኛ ነው የሚያባርረው። ሴትዮዋ ግን የምሯን ኖሮ ወንድሜ እስኪመጣ ዝናብ ላይ ቆመች።

እርግጥ ነው፣ ዋጋ የምቆርጠው እኔ ነኝ። መንገዱን፣ ወቅቱን፣ የማን ጎተራ መቼ እንደሚራቆት የማውቀው እኔ ነኝ። ገበሬው ግን ልቡ የሚረጋው ቁናው በወንድሜ እጅ ሲሆን ነው። ያንን እጅ ያሳደግሁት እኔ መሆኔን ማንም አያስታውስም። እናታችን ስትሞት ጥርስ እንኳ አላወጣም ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬው ነው ገበያ የዋልኩት።

ያለን ቁና አንድ ነው። ስንገዛ እንቆልላለን፤ ስንሸጥ አፉን ጠርገን ነው። አባታችን እንዲህ አደረገ፤ የማዶውም እንዲህ ያደርጋል። ቁልሉን ምርቃት እንለዋለን። ከአንድ ቁና ላይ እፍኝ ነው፤ ከአንድ መኸር ላይ ጎተራ ነው።

ዛሬ ዕቃ ስንሰበስብ ወንድሜ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ምርቃት እኮ ሰጪው ወዶ ሲሰጥ ነው» አለኝ።

«ይወዳሉ እንጂ። እምቢ ያለ አይተሃል?»

«የሚሸጡበት ሌላ ቤትስ አይተሃል?»

ያ ሼኽ ነው ይህን ያስተማረው ብዬ ጠረጠርኩ። በኋላ ግን ሰውዬው ከመጣ ገና መቀመጥ እንኳ አለመቻሉ ትዝ አለኝ።

ሰኞ

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከዝናብ ለመጠለል ይሆናል።

ረቡዕ

ዛሬ ዝናብ የለም። ሰው ግን አለ።

ዓርብ

ይህን ገበያ እኔ ነኝ ያቆምኩት። ድሮ ይህ ቦታ የበሬ መንጃ ነበር። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ ጨውና ጨርቁ በተዘረጋበት፣ ዋጋ በተቆረጠበት ሰዓት፣ ግማሹ ሰው ዕቃውን በቆመበት ትቶ ወደ መጋዘኔ ነጎደ። ዳቦ ከጋጋሪዋ እየገዛ የነበረ አንድ ገበሬ ዳቦውን መልሶ አስቀምጦላት ሄደ። «ምን ሆነ?» አልኳት። «ዓርብ ሆነ» አለችኝ።

ተከትዬ ሄድኩ። ለመስማት አይደለም፤ መጋዘኑ የእኔ ነው። በር ላይ ቆሜ አየሁ። ተሰልፈዋል። ከፊት ሼኹ ተቀምጦ ነው የሚያሰግደው፣ እግሩን ዘርግቶ። በሰልፉ ውስጥ ትልቁ ባለርስት አለ፤ በመንገድ ላይ ለጭነት በቅሎ እንኳ የማይለቅ ሰው ነው። ከጎኑ ቆዳ ፋቂው ቆሟል። ፋቂው ከመንደሩ ዳር ነው የሚኖረው፤ ቆዳውን ሁሉም ይገዛዋል፣ አብሮት የሚበላ ግን የለም። እኔም አልበላም። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበር መልስም አላዘጋጀሁም።

ባለርስቱ ፈቀቅ ሊል ሲል ሼኹ ዞር ሳይል፣ «በመሐላችሁ ክፍተት አትተዉ» አለ። ባለርስቱ ተጠጋ። በአንድ ቃል ብቻ ትከሻው ከፋቂው ትከሻ ጋር ገጠመ።

ወንድሜ ከሰልፉ ኋላ ማሰሮ ይዞ ለሚመጡት የመታጠቢያ ውሃ ያፈሳል። አየኝ። ማሰሮውን አላስቀመጠም።

ሲመለሱ ዝናብ መጣ። ገበያው ተበተነ።

ቅዳሜ

ሄጄ አነጋገርኩት። መናገር ስለሚያስፈልግ።

«ሼኽ፣ እኔ ያሳደርኩዎት እግርዎ እስኪጠገን ነው። ገበያዬን እንዲበትኑ አይደለም።»

«እኔ መች ከዚህ ጨርቅ ላይ ተነሣሁ? ሰው ሲመጣ ሂድ ልበለው?»

«ዓርብን ወደ ሐሙስ ቢያደርጉትስ?»

ሳቀ። ሳቁ እግሩን አሳመመውና ጨርቁን ጨበጠ። «ወዳጄ፣ በቀኑ ላይ መደራደር የምትችለው ከእኔ ጋር አይደለም። ደግሞ ትንሽ ብትታገሥ ይመለሳሉ።»

«ሲመለሱ ዝናብ ይመጣል።»

«እሱም የእኔ አይደለም።»

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ንግድ አይሆንም፤ የሚቀርበት ነገር የለውም። ልነሣ ስል፣ «ሁለት ቁና አለው ይሉሃል» አለኝ።

«ውሸት ነው። አንድ ነው ያለኝ።»

«እሱንም ይላሉ» አለ።

ጣሪያው ደግሞ በእሱ ራስጌ ነው የሚያፈሰው። አንድም ቀን አልነገረኝም። ይህም አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ዝናቡ ሲቀንስ

ባልቴቷ ሰገደች። ወጌሻው ሰገደ። ጋጋሪዋ ከነልጆቿ። ከወንዙ በላይ ያለው መንደር በሙሉ ሊመጣ ነው አሉ።

ምን አይተው ነው? ባለቤቴን ጠየቅኳት። እሷ አትሄድም፤ ግን ጆሮ አላት።

«አንዱ ልጁ ሲሞት ሼኹ በቃሬዛ ተሸክመውት ቀብር ሄዷል። አንዷን ባሏ ከመሬቷ ሊያስወጣት ሲል ሼኹ ድርሻሽ ነው ብሏታል። ፋቂው ደግሞ ምሳ ተጋብዟል።»

«በምሳ ሃይማኖት ይለወጣል?»

«አንተ ጋብዘኸው ታውቃለህ?»

እኔ እምነታቸውን አልነካሁም። የሚያምነው ይመን። እኔን የሚያሳስበኝ መኸሩ ነው።

እሑድ፣ ገብሱ ሲያሸት

የማዶው ነጋዴ ታንኳ አሠርቷል። ገበሬዎቹን በነጻ ያሻግራል። ደግሞም ያስወራል፦ «እዚያ ቤት ሲሰግዱ ወደ ምድር ነው፣ ሲቆልሉ ወደ ሰማይ ነው» እያለ። ቀልዱ ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ነገረኝ፤ ሁለቱም እየሳቁ።

አንድ ነገር ካላደረግሁ ገብሱ በታንኳ ይሻገራል።

ሰኞ

አገኘሁት።

ገበሬው የሚሰማው ሼኹን ነው። ሼኹ በእኔ ቤት ነው። ስለዚህ ዓርብ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ሼኹን አስወጥቼ በሰው ፊት ቁናዬ ላይ እጁን እንዲጭን አደርጋለሁ። «ይህ ቁና ደህና ነው» ካለ የማዶው ወሬ በአንድ ጀንበር ይሞታል። ከዚያ ወዲያ የሚሰግድ ሁሉ ወደ እኔ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። በልክ የተሰላ ሐሳብ ስለሆነ ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«አንተ ሰው» አለችኝ፣ «ሰውዬው አፍ አለው እኮ። እጁን ብቻ ይዘህ ልትወጣ ነው?»

ሴትዮዋ ሁሉን ነገር ማጥቆር ልማዷ ነው።

ዓርብ

ልጻፈው።

ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሼኹ በምርኩዝ ወጣ፤ ከመጣ ጀምሮ በእግሩ ሲራመድ የመጀመሪያው ነው። ወንድሜ በአንድ ጎን ደግፎታል። ሰው መንገድ ለቀቀ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሼኽ፣ ይቺን የአባቴን ቁና አይተው ይባርኩልን» አልኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንዳሰብኩት ነው።

«ባዶ ቁና ምን ይታያል? እህል ይደረግበት» አለ።

ከፊት የነበረው የባልቴቷ ገብስ ነው። ወንድሜ ሰፈረ። እጁ ለምዶ ቆለለው። ከዚያ ሼኹ በአንድ እግሩ ቆመና፣ ምርኩዙን አንሥቶ በቁናው አፍ ላይ አጋደመው። ከወዲህ ወደዚያ ጠረገው። ቁልሉ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ቁና ነው» አለ። የፈሰሰውን በምርኩዙ ጫፍ እያመለከተ ደግሞ፣ «ይሄ የእሷ ነው» አለ።

በቅሎ ስታናፋ ይሰማኛል።

ወደ እኔ ዞረ። «በዚህ ትገዛለህ?»

ምን እላለሁ? ሕዝቡን የጠራሁት እኔ። ቁናውን ያቀረብኩት እኔ።

«እገዛለሁ።»

«በዚሁ ትሸጣለህ?»

«እሸጣለሁ።»

«ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!» አሉ። ያልሰገዱትም ጭምር ጮኹ፤ እንዲያውም እነሱ ባሱ። ባልቴቷ የፈሰሰውን ገብስ አንድም ፍሬ ሳታስቀር ወደ ነጠላዋ ለቀመችው። አንድ ሰው ከኋላዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ «ተባረክ ጌታው» አለ። ዞር ስል ፋቂው ነው። ከዛሬ በፊት ነክቶኝ አያውቅም።

የማዶው ታንኳ ባዶውን ተመለሰ። ዛሬ የሸጥኩትን ያህል በክረምት ሸጬ አላውቅም። አሸንፌያለሁ ማለት ነው። ታዲያ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጥርሴን ነክሼ የያዝኩት ለምንድን ነው?

መኸሩን ያለ ቁልል አሰብኩት። የጎተራዬ አንዱ ጥግ ባዶ ሆኖ ታየኝ። ሰው በገዛ እጁ ምላሱን እንዲህ ያስራል? ሼኹን ማን ጠራው፦ እኔ። ማን አሳደረው፦ እኔ። ማን ወደ ገበያ አወጣው፦ እኔ። ሌባ እንኳ በበሩ ሲገባ እንዲህ አይስተናገድም።

ቅዳሜ

በጠራ ጭንቅላት አሰብኩበት። መውጫ አለው።

የማልኩት ለሚሰግዱት ነው። ሼኹ የእነሱ ነው፤ ምስክርነቱም የእነሱ ነው። የማይሰግደው ገበሬ ገና ብዙ ነው። እሱ ዘንድ የቆየው ደንብ እንደቆየ ነው። በጓሮ በር እናስገባቸዋለን። ወንድሜን ነገ አስረዳዋለሁ።

እሑድ

ነገሩን አስረድቼው ሳልጨርስ ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ቁናውን ደፋው። አፉን ወደ ታች።

«ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ አንተ ያዛት።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ አልቆልልም።»

«ለእነሱ አትቆልል አልኩህ እኮ። ለሌሎቹ ነው።»

«ቁናው ማን እንደሚሰግድ በምን ያውቃል?»

ይህን ቃል ሲናገር ድምፁን አላነሣም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ከሚጮህ ሰው ጋር ዋጋ ይገኛል።

«ሰገድክ?» አልኩት።

«ከቆየሁ።»

«መች?»

«ጨው የረጠበ ጊዜ።»

የማን ጎተራ መቼ እንደሚራቆት አውቃለሁ ብያለሁ። በገዛ ቤቴ፣ ከምበላበት ሳህን ማዶ ያለውን ሰው አላወቅሁም። ይህ ትኩረት ማነስ ነው፤ ለነጋዴ ነውር ነው።

«ምን ጎደለብህ ከእኔ? በላህ፣ ለበስህ፣ በጀርባዬ...» አልኩና ተውኩት።

«ካንተ እኔ ምንም አልጎደለብኝም» አለ። «ከእነሱ ነው የጎደለው።»

ጋቢውን ይዞ ወደ ታችኛው መጋዘን ወረደ። ያንን የሚያፈሰውን ጥግ ለሼኹ ብሎ ቀድሞ ደፍኖታል አሉ፤ በእኔ ጭቃ፣ በእኔ ሣር።

እንግዲህ በግልጽ ልጻፈው። መኸሩ ደጃፍ ላይ ነው። ቁናውን የሚይዝ ሰው የለኝም። ወንድሜ ካልተመለሰ ይህ ቤት ቆሞ አይሸጥም። የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሌላ አይደለም።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ሦስት ሳህን አቀረበች። «ሁለት ነን» አልኳት። «እጄ ለምዶ ነው» አለች። አላነሣችውም። እኔም አላነሣሁትም።

ሐሙስ

ጠዋት ስነሣ በሩ አልተቀረቀረም። ትላንትም እንዲሁ። የምዘነጋው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ዓርብ

ቁናውን ራሴ ያዝኩ። እጄን የማያይ የለም። ለአንድ ቁና ገብስ አሥር ዓይን። አንዱን ገበሬ በጓሮ በር ግባ ስለው፣ «ምነው፣ ገብሴ ታሟል?» አለኝ።

በፊት በር ገባ። ሰፈርኩ። ጠረግሁ። እጄ ግን በመጨረሻ ላይ ለራሷ ትንሽ ትቆልላለች፤ እየጠረግሁ ትቆልላለች፤ እኔ አላዘዝኳትም። ባልቴቷ አየች። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ።

ከእሷ በኋላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ወደ ታንኳው ሄዱ።

ረቡዕ፣ የአጨዳ ወራት

ሰጋጆቹ ከገበያው ራስ ላይ የራሳቸውን ቤት እየሠሩ ነው። ባለርስቱ መሬቱን ሰጠ። ፋቂው በር ላይ የሚንጠለጠል ቆዳ አለፋ። ወንድሜ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲረግጥ ከሩቅ አየሁት። ከስቷል። ማን እንደሚያበላው እንጃ።

ለጣሪያቸው ወፍራም ግንድ አጥሯቸዋል አሉ። ጓሮዬ ውስጥ ያለውን ላክሁላቸው። መጋዘኔ ቶሎ እንዲለቀቅልኝ ነው። ባለቤቴ ግንዱ ላይ አንድ ሙሉ ዳቦ አስራ ላከች። ምን አገባው ዳቦ ከጣሪያ ጋር?

ሰኞ

ሌላ ጣጣ።

ሼኹ እንዲህ አለ አሉ፦ ዝናብ ያበቀለው እህል ሲሰበሰብ ከአሥሩ አንዱ የድሀ ነው። ገበሬው ለአገር ገዥ ሲገብር እያለቀሰ የሚገብር ሕዝብ ነው፤ ይህን ግን በፈቃዱ እየጫነ ያመጣል። ገዥው እንኳ ገረመው አሉ። የድሀው ድርሻ እንዲታወቅ ደግሞ መጀመሪያ ጠቅላላው መሰፈር አለበት። ሰፋሪ ማን ይሁን ሲባል፣ ሁሉም በአንድ አፍ ወንድሜን ጠሩ።

ያሳደግሁት እጅ ነው። ይህን ማንም አላነሣም።

ዓርብ

አሁን ነው ጣጣው የገባኝ።

ማንኛውም እህል ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት በወንድሜ እጅ አልፏል። ገበሬው ከነቁጥሩ ነው የሚመጣው። በእኔ ቁና መልሼ ስሰፍረው አንዲት እፍኝ ካጎደልኩ፣ «ታናሽህ ዘንድ እኮ ተሰፍሯል» ይለኛል፣ በትህትና። ያልሰገዱትም ከእሱ ዘንድ እያሰፈሩ ይመጣሉ። ለድሀ የሚያወጡት የላቸውም፤ ለእኔ ብለው ነው የሚያሰፍሩት።

ማዶ ያለውም እንዲሁ ሆነበት። ታንኳው ላይ ቆሞ ሲሳደብ ተሰምቷል። ከክረምቱ ወዲህ ደስ ያለኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

እሑድ

ሲራራው መጣ።

ወንዙ ጎድሏል፤ መሻገር ይችሉ ነበር። ቀጥ ብለው እኔ አጥር ላይ አሰሩ። ያሰብኩት ደረሰ። አለቃቸው አቀፈኝ። «አባታችንን በሕይወት አቆየህልን» አለ። ሼኹ ከጎኑ ቆሞ፣ «ጣሪያውም ዝናብ አላሳጣኝም» አለ። ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ።

ቀጥሎ አለቃው፣ «ጨውህን እንደፈለግህ ውሰድ፣ እህልህን እንገዛለን። ብቻ ሁሉም በታናሽህ ቁና ይሰፈር፤ እኛም ተስማምተናል» አለኝ።

ወንዙን፣ ጎርፉን፣ የተሰበረ እግር፣ ሁሉንም አስልቼ ነበር። ይህን አላሰላሁም። ሲራራውን አገኘሁ። በገዛ ወንድሜ ፊት ተራ ይዤ ልቆም ነው።

«በማላውቀው ቁና ጨው አልገዛም» አልኩ።

«የምታውቀውን ይዘህ ና» አለኝ።

ማክሰኞ

የአባታችንን ቁና በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ፣ «አብሬህ ልምጣ?» አለች። «ለጨው?» አልኳት።

አዲሱ ቤት ደጃፍ ላይ ሰልፍ አለ። ከፋቂው ኋላ ቆምኩ። ቦታውን ሊለቅልኝ ፈቀቅ ሲል፣ «ተው፣ ቁም» አልኩት። ሰልፉ እንዳይዛባ ነው። ቆሞ ስለ ልጁ ሲያወራኝ ቆየ፤ ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ወንድሜ ቀና አለ። የያዘውን ቁና አስቀመጠና የእኛን ከእጄ ተቀበለኝ። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ በልጅነቱ በጥርሱ የነከሰበት ቦታ አለ።

«ደህና ሰነበትክ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ደህና። ከስተሃል።»

«ሥራ ነው።»

ጨውን ሰፈረ። እያንዳንዱን ጠረገ። ለወንድም ብሎ አልነቀነቀም፣ አልጫነም። ትርፉ እየፈሰሰ የሲራራው ጨርቅ ላይ ይመለሳል። እያየሁ ተናደድኩ፤ እውነቱ ይህ ነው። አንዲት ቁና ላይ እንኳ ዓይኑን ጨፈን ቢያደርግ ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ ያያል። ያን ሁሉ ዘመን በእኔ ፊት ሌላው እንዴት እንደቆመ ለማወቅ ብዬ አልነበረም የመጣሁት።

የመጨረሻዋ ቁና ላይ ደረሰ። ጠረጋት። ከአፏ ጋር እኩል ሆነች። ለአለቃው፣ «አበቃ» አለው።

ከዚያ ጎንበስ አለና ከኋላው ያለውን ትንሽ ከረጢት ፈታ። ለሰፋሪነቱ ሲራራው የሚሰጠው የራሱ ጨው ነው። በሁለት እጁ ሙሉ አፈሰና የተጠረገችው ቁና ላይ አደረገልኝ። ቁልል ሆነ።

«ይሄ ከቁናው አይደለም» አለ። «ከእኔ ነው።»

ልመልስለት የሚገባ ነገር ነበር። ነጋዴ መልስ አያጣም። ፋቂው አለ፣ ባልቴቷ አለች፣ ሁሉም አሉ። «ቤት ሳህንህ አልተነሣም» አልኩት።

«ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ እመጣለሁ» አለ።

ሌላውን ጨው በበቅሎ ላክሁ። ያቺን ቁና ግን ራሴ ተሸከምኳት። የገበያው መንገድ በክረምቱ ተቆፋፍሯል፤ እስከ ዛሬ አስተውዬው አላውቅም። በአንድ እጄ ቁናውን አቅፌ፣ በሌላው ቁልሉን ከልዬ፣ ጉድጓዱን እየዞርኩ መጣሁ። ሰላም ላሉኝም በራሴ ብቻ ነው የመለስኩት።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን ተሸክመህ ነው እንደ እርጉዝ የምትራመደው?»

«ጨው ነው» አልኳት። «በሩን ክፈቺው፤ እንዳይፈስ።»